ከመናኸሪያው ማዶ፦ በሞተርና በተራራ ብስክሌት ከአስፋልት ውጭ መጓዝ

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅት ከአስፋልት ወጥቶ በጥርጊያ፣ በጠጠርና በእግር መንገድ ላይ ከጓደኞች ጋር ስለሚደረግ የሞተርና የተራራ ብስክሌት ጉዞ የተዘጋጀ ሲሆን፣ መነሻውን ያደረገውም ከሐዋሳ ከተማ ክፍለ ከተሞች አንዱ በሆነውና ስሙን ከአውቶቡስ መነሻው በወረሰው በመናኸሪያ ላይ ነው። የተራራ ብስክሌት የሚባለው ወፍራምና ጥርሳም ጎማ፣ በርካታ ማርሽ፣ ጠንካራ ፍሬንና ብዙውን ጊዜ ከፊት መንቀጥቀጥን የሚያረግብ ሾክ ያለው፣ ለዳገትና ለድንጋያማ ቁልቁለት ተብሎ የተሠራ ብስክሌት ነው። የመስክ ሞተር የሚባለው ደግሞ ከመሬት ከፍ ያለ፣ ክብደቱ የተቀነሰ፣ ሾኩ ረጅምና ጎማው ጥርሳም የሆነ ሞተር ነው። ዝግጅቱ በቅድሚያ መሬቱን፣ ቀጥሎ መሣሪያውንና አነዳዱን፣ በመጨረሻም አብረው የሚጓዙትን ሰዎች ይመለከታል፤ በሦስቱም ውስጥ የሚታየው ፍሬ ነገር በዚህ ዓይነት ጉዞ ከሞተር ጉልበት ይልቅ መሬትን ማንበብና የባልንጀራን አቅም ማወቅ እንደሚበልጥ፣ ይህንንም ዕውቀት በሐዋሳ ዙሪያ ለዕለት እንጀራቸው የሚነዱ ሰዎች ቀድመው እንደያዙት ነው።

ሐዋሳ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ የተቆረቆረች ከተማ ስትሆን፣ የምታርፍበትም መሬት ካልዴራ ይባላል፤ ካልዴራ ማለት እሳተ ገሞራ ከፈነዳ በኋላ ከሥሩ የነበረው ቅልጥ አለት ሲወጣ ጣሪያው ወደ ውስጥ ተደርምሶ የሚፈጠር ሰፊ ጎድጓዳ ነው። በዚህ ጎድጓዳ ውስጥ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው የሐዋሳ ሐይቅ ተኝቷል፤ የጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከእርሱ የሚወጣ ወንዝ የለም። ከሐይቁ በስተሰሜን ያለው የኮርቤቲ እሳተ ገሞራ ጨቢ በሚባለው ክፍሉ ላይ የባልጩት አለት ፈስሶ የረጋበት ሲሆን፣ ባልጩት ሲሰበር እንደ መስተዋት ስለታም ጠርዝ ስለሚያወጣ ለጎማ ክፉ ጠላት ነው። በሐይቁ ዙሪያ ያለው ዝቅተኛ መሬት በአብዛኛው ከእሳተ ገሞራ አመድና በውሃ ላይ እስከመንሳፈፍ ከሚቀል ድንጋይ የተፈጠረ ልል አፈር በመሆኑ፣ በበጋ ወደ አቧራነት ተለውጦ የፊት ጎማን ይውጣል።

ወደ ምሥራቅና ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሲኬድ ግን መሬቱ ከፍ እያለ፣ አፈሩም እየቀላ ይሄዳል። ከሐዋሳ ተነስቶ በአለታ ወንዶ በኩል ወደ ሁላ ወረዳ የሚወጣ ተጓዥ ከ2700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ወደምትገኘው ወደ ሀገረ ሰላም እስኪደርስ ድረስ አንድ ሺህ ሜትር ያህል ሽቅብ ይወጣል፤ በመንገዱም ግራና ቀኝ የእንሰትና የቡና ማሳ፣ የቀርከሃ ቁጥቋጦና በዝናብ ወቅት የሚያንሸራትት ቀይ ጭቃ ያገኛል። ይህ ጭቃ በጎማው ጥርሶች መካከል ገብቶ ስለሚሞላ፣ ጥርሳሙን ጎማ ለጊዜው ልሙጥ ያደርገዋል፤ ከጎማውና ከፓራፋንጎው፣ ማለትም ከጭቃ መከላከያው፣ መካከል ተጠቅጥቆም ጎማው ጨርሶ እንዳይዞር ሊያደርግ ይችላል። ስለዚህ በአካባቢው ዝናቡ በበልግ፣ ማለትም ከመጋቢት ጀምሮ ባሉት ወራት፣ እንዲሁም በክረምት የሚበረታ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ጉዞውን ከጥቅምት በኋላ ባሉት ደረቅ ወራት ያደርጋል፤ በዝናብ ወቅት መውጣት ግድ ከሆነበትም ርቀቱን በግማሽ ይቀንሳል።

ይህን መሬት በሞተር ማቋረጥ በሲዳማ ገጠር የመዝናኛ ጉዳይ ሆኖ አልተጀመረም። አስፋልቱ ባለቀበት ቦታ ቡና በጆንያ፣ ተሳፋሪ ከኋላ፣ አንዳንዴም ነፍሰ ጡር ሴት ወደ ጤና ጣቢያ ጭነው ዳገት የሚወጡት ባለሞተሮች ውድድር ላይ ባይታዩም፣ ከአስፋልት ውጭ የመንዳትን ጥበብ ከማንም በላይ የተካኑ ናቸው። የሚነዷቸው ከ100 እስከ 150 ሲሲ ያላቸው ተራ የጎዳና ሞተሮች ሲሆኑ፣ ሲሲ ማለት ነዳጁ የሚቃጠልበት የሞተሩ ሲሊንደር የሚይዘውን መጠን የሚለካ ቁጥር ነው። እንዲህ ያለ አነስተኛ ሞተር ጭነት ይዞ ጭቃማ ዳገት ሊወጣ የሚችለው ነጂው ማርሹን አስቀድሞ ስለሚቀንስ፣ ዳገቱን ከመጀመሩ በፊት በቂ ግፊት ስለሚይዝና ጎማውን ዝናብ ከቦረቦረው ቦይ አውጥቶ በጠርዙ ላይ ስለሚያስኬድ ነው። ለመዝናናት ከከተማ የሚወጣ ወጣት ከእነዚህ ሰዎች አንዱን ከኋላ ሆኖ ለግማሽ ሰዓት ቢከተል፣ ጎማ የት መርገጥ እንዳለበት ከማንኛውም ቪዲዮ የተሻለ ትምህርት ያገኛል።

ብስክሌትም በሐዋሳ ልማድ እንጂ አዲስ መጤ አይደለም። የከተማዋ መሐል ሜዳማ በመሆኑ ሳይክል ለተማሪው፣ ለሠራተኛውና ለተላላኪው ለረጅም ጊዜ ያገለገለ መጓጓዣ ነው፤ በብዙ የኢትዮጵያ ከተሞችም ልጆች ብስክሌት መንዳትን የተማሩት በሰዓት እየተከራዩ ነው። የሙያው ቋንቋ ራሱ ታሪኩን ይናገራል፤ ሰንሰለቱ ካቴና፣ የጎማው ብረት ቸርኬ፣ ቀጫጭን ሽቦዎቹ ራጂ፣ የእጅ መያዣው ማኑቢዮ፣ አየር የሚይዘው የውስጥ ጎማ ካላማዳሪያ፣ ጎማ የሚጠግነው ባለሙያ ጎሚስታ መባላቸው ሁሉም ከጣሊያንኛ መወረሳቸውን ያሳያል። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ በተሳተፈችበት እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን ስትሰለፍ የቀረበችው በአትሌቲክስና በብስክሌት ሲሆን፣ ከብስክሌተኞቹ አንዱ ገረመው ደንቦባ ነበር፤ ከስድሳ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2016፣ የመቀሌው ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። እነዚህ ታሪኮች በአስፋልት ላይ የተሠሩ ናቸው፤ ሀገሪቱ ያላት መልክዓ ምድር ግን ለተራራ ብስክሌት ከዚያ ባላነሰ የተመቸ ነው።

የተራራ ብስክሌት እንደ ስፖርት የተወለደው በጓደኞች ጨዋታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በአሜሪካ ካሊፎርኒያ፣ በታማልፓይስ ተራራ አካባቢ፣ ጆ ብሪዝ፣ ጋሪ ፊሸርና ቻርሊ ኬሊ የመሳሰሉ ወጣቶች ከጥቅም ውጭ የሆኑ ወፍራም ጎማ ያላቸው አሮጌ ብስክሌቶችን እየጠገኑ በአፈር መንገድ ቁልቁል መውረድ ጀመሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1976 ባካሄዱት ውድድር የብስክሌቶቹ የኋላ ፍሬን ከግለቱ የተነሳ ግራሱን አቃጥሎ ስለሚጨርስ፣ ከእያንዳንዱ ቁልቁለት በኋላ አዲስ ግራስ መሙላት ግድ ይል ነበር፤ ውድድሩም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ግራስ መልሶ ከመሙላት ሥራ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለዚሁ ተግባር ብቻ የተሠሩ ብስክሌቶች ገበያ ላይ ዋሉ፤ ስፖርቱም እ.ኤ.አ. በ1996 በአትላንታ ኦሎምፒክ ተካተተ። በሞተር በኩል በእንግሊዝ ሀገር እ.ኤ.አ. በ1924 የተጀመረው የመስክ ውድድር ኋላ ሞቶክሮስ የተባለውን ስፖርት አስገኝቷል። ኢትዮጵያን በሞተር ካቋረጡት የውጭ ሀገር መንገደኞች መካከልም ቴድ ሳይመን ይገኝበታል፤ እ.ኤ.አ. በ1973 ከለንደን ተነስቶ ዓለምን በ500 ሲሲ ሞተር የዞረው ይህ ጋዜጠኛ ከሱዳን ገብቶ በኢትዮጵያ በኩል ወደ ኬንያ ተሻግሯል። ዛሬም ከካይሮ እስከ ኬፕታውን የሚዘረጋው አህጉራዊ መንገድ ሐዋሳን አቋርጦ ወደ ሞያሌ ስለሚያልፍ፣ በከተማዋ ጓዛቸውን በሞተር ላይ የጫኑ መንገደኞችን ማየት ብርቅ አይደለም።

ወደ መሣሪያው ሲመጣ፣ በጎዳናና በመስክ መካከል ያለው ዋና ልዩነት የሚታየው በሾኩና በጎማው ላይ ነው። የተራ ጎዳና ሞተር ሾክ አብዛኛውን ጊዜ ከ11 እስከ 13 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲጠልቅ፣ የመስክ ውድድር ሞተር ሾክ ወደ 30 ሳንቲ ሜትር ይጠልቃል፤ ይህም ጎማው ድንጋይ ሲመታ የነጂው አካል ሳይናወጥ ጎማው ብቻ ወጥቶ እንዲወርድ ያስችለዋል። የጎማ አየርም እንዲሁ ነው፤ የአስፋልት ብስክሌት ጎማ ጠጥሮ እስኪጮህ ድረስ ሲነፋ፣ የተራራ ብስክሌት ጎማ ግን እንደ ነጂው ክብደት ከ1.7 እስከ 2.4 ባር በሚደርስ ልከኛ አየር ይነዳል፤ ባር የአየር ግፊት መለኪያ ነው። አየሩ ሲቀንስ ጎማው በመሬቱ ላይ ሰፋ ብሎ ያርፋል፣ የድንጋዩንም ቅርጽ ይዞ ይሄዳል፤ ከልክ በላይ ሲቀንስ ግን ካላማዳሪያው በድንጋዩና በቸርኬው መካከል ተቆንጥጦ ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ያወጣል።

በሐዋሳ ዙሪያ ግን ጎማን በብዛት የሚያስተነፍሰው የግራር እሾህ በመሆኑ፣ ጎማ መጠገንን የማያውቅ ተጓዥ ከከተማ ባይርቅ ይመረጣል። ሥራው ሲታይ እንዲህ ነው፤ ጎማው ከተፈታ በኋላ ካላማዳሪያው ወጥቶ በፖምፓ ይነፋል፣ ጎሚስታው ዘንድ ቢሆን በውሃ በተሞላ ሳፋ ውስጥ እየተዞረ አረፋ የሚወጣበት ቦታ ይፈለጋል፤ ውሃ በሌለበት ጫካ ግን ወደ ጉንጭ ተጠግቶ ቀስ ተብሎ ሲዞር የሚያመልጠው አየር ቆዳን ይነካል። ቀዳዳው በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፈጋል፣ ማስቲሽ የሚባለው ሙጫ በስሱ ይቀባል፣ ሙጫው በጣት ሲነካ እስከማይለጥፍ ድረስ ይጠበቃል፣ ከዚያ በኋላ ነው ጥጋኙ የሚለጠፈው። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው ሁለት ቦታ ላይ ነው፤ ማስቲሹ ሳይደርቅ መለጠፍና እሾሁን ከውጭው ጎማ ሳይነቅሉ መልሶ መግጠም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ ሁለት ደቂቃ ያልታገሰ ሰው ከመቶ ሜትር በኋላ ያንኑ ጎማ ዳግመኛ ይፈታል።

አነዳድን በተመለከተ ሦስት መሠረታዊ ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው ዓይን ነው፤ ነጂ የሚመለከተው ከፊት ጎማው ሥር ያለውን ድንጋይ ሳይሆን ከአሥር እስከ ሃያ ሜትር ፊት ያለውን መሄጃ መሆን አለበት፣ ምክንያቱም ጉድጓድ ላይ ያፈጠጠ ሰው እጁም ሳይታወቀው ወደ ጉድጓዱ ያዘነብላልና። ሁለተኛው የሰውነት አቋም ነው፤ በሻካራ መሬት ላይ ከኮርቻ ብድግ ብሎ፣ ጉልበትና ክርንን ላላ አድርጎ መቆም እግርና ክንድ እንደ ተጨማሪ ሾክ እንዲያገለግሉ ያደርጋል፤ በዳገት ወደ ፊት፣ በቁልቁለት ወደ ኋላ መዘንበል ደግሞ ክብደቱን በሁለቱ ጎማዎች መካከል ያስተካክላል። ሦስተኛው ፍሬን ነው፤ በቁልቁለት ክብደት ወደ ፊት ስለሚሄድ የበለጠ የሚያቆመው የፊት ፍሬን ቢሆንም፣ በሐዋሳ እንደሚገኘው እንደ ታቦር ተራራ ተዳፋት ባለ ልል ጠጠር ላይ በድንገት ከተጨበጠ የፊት ጎማው ተቆልፎ ይንሸራተታል፤ ስለዚህ በአንድ ወይም በሁለት ጣት ቀስ እያሉ መጭመቅ፣ ጎማው ሊቆለፍ ሲል መልቀቅና እንደገና መያዝ ያስፈልጋል። ባለሞተሩ ተጨማሪ ረዳት አለው፤ በአንደኛ ማርሽ ፍሪሲዮኑን ሳይጨብጥ ከወረደ ሞተሩ ራሱ ይይዝለታል። በቁልቁለት ሞተር አጥፍቶ ወይም ማርሽ አውጥቶ መልቀቅ፣ ነዳጅ ለመቆጠብ ሲባል የሚደረግ ቢሆንም፣ ይህን ረዳት ስለሚያሳጣ አደገኛ ልማድ ነው።

ከፍታም የራሱ ዋጋ አለው። 75 ኪሎ የሚመዝን ሰው 13 ኪሎ የሚመዝን ብስክሌት ይዞ አንድ ሺህ ሜትር ሽቅብ ሲወጣ፣ የሰው ጡንቻ ከሚያቃጥለው ኃይል ወደ ፔዳሉ የሚደርሰው ሩብ ያህሉ ብቻ በመሆኑ፣ ለዳገቱ ብቻ ከ800 ኪሎ ካሎሪ በላይ ያወጣል፤ ይህም ጥሩ ምሳ ከሚሰጠው ኃይል የማያንስ ስለሆነ፣ ቆሎና ሙዝ ሳይያዝ፣ ውሃም በየጊዜው ሳይጠጣ ዳገት አይጀመርም። ጓደኞች በሻሸመኔና በዶዶላ በኩል ወደ ባሌ ተራሮች ከዘለቁ ጉዳዩ ይበልጥ ይከብዳል። ከጎባ ወደ ዶሎ መና የሚወስደው መንገድ የሚያቋርጠው የሳነቴ አምባ ከ4000 ሜትር በላይ ሲሆን፣ በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው ከሁለት ሦስተኛ በታች ይወርዳል። ካርቡሬተር ያለው ሞተር፣ ማለትም ነዳጅና አየር በኤሌክትሮኒክ ቁጥጥር ሳይሆን በጠባብ ቀዳዳ የሚቀላቀሉበት ሞተር፣ እዚያ ሲደርስ አየር እያነሰው ነዳጅ ይበዛበታል፣ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጉልበቱም በአንድ ሦስተኛ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይቀንሳል። ነጂውም ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከተሰማው መድኃኒቱ መውረድ ነው።

የመጨረሻው ክፍል ጓዶቹን ይመለከታል። በቡድን የሚደረግ ጉዞ ፍጥነት የሚለካው በደካማው ተጓዥ እንጂ በጎበዙ አይደለም፤ ይህን ያልተቀበለ ቡድን ዳገቱ ላይ ይበታተናል። ልምድ ያላቸው ተጓዦች መንገዱን የሚያውቅ አንድ ሰው ከፊት፣ ጥገና የሚችል ሌላ ሰው ደግሞ ከሁሉ ኋላ እንዲሆን ያደርጋሉ፤ የኋላው ሰው ማንንም አያልፍም። መገንጠያ ላይ የደረሰ ሰው ተከታዩን በዓይኑ እስኪያይ ድረስ ይቆማል፤ እያንዳንዱ ሰው ይህን ብቻ ቢያደርግ ስልክ በማይሠራበት ሸለቆ ውስጥ እንኳ ማንም አይጠፋም። በሞተሮች መካከል አቧራው እስኪበርድ ድረስ ርቀት ይጠበቃል፣ በቁልቁለትም አንዱ ወርዶ ሳይጨርስ ሌላው አይጀምርም። ዕቃው እንደ እድር ዕቃ የጋራ ነው፤ አንዱ ፖምፓ፣ ሌላው የካቴና መፍቻ፣ ሌላው ትርፍ ካላማዳሪያና ማስቲሽ፣ ሌላው የመጀመሪያ ዕርዳታ መስጫ ይይዛል። ብስክሌት ይዘው ራቅ ካለ ቦታ ለመጀመር የሚፈልጉ ደግሞ ከመናኸሪያው ብስክሌታቸውን በመኪና ፖርቶመጋላ ላይ አስጭነው ወደ ይርጋለም ወይም ወደ ሀገረ ሰላም በመሄድ፣ ቁልቁለቱን ለመመለሻ ሊያደርጉት ይችላሉ፤ ሆኖም ካቴናው በሌላ ሰው ጓዝ እንዳይታጠፍ ብስክሌቱ የካቴናው ጎን ወደ ላይ ሆኖ መታሰር አለበት።

የሚነዳበት መሬት ባለቤት አለው። በእንሰት ማሳ መካከል የሚያልፈው ቀጭን መንገድ የገበሬው የደጅ መንገድ እንጂ የውድድር ሜዳ ስላልሆነ፣ ከብት ሲያጋጥም ሞተር ማጥፋት፣ ሰው ሲያጋጥም ቀድሞ ሰላምታ መስጠት፣ ልጆች ባሉበት መንደር በእርምጃ ፍጥነት ማለፍ የአገር ወግ ነው። እርጥብ ተዳፋት ላይ ጎማ አስቆልፎ መንሸራተት የሚተወው ጭረት በሚቀጥለው ዝናብ ቦይ ይሆናል፣ ቦዩም በዓመታት ውስጥ ማሳ ወደሚበላ የጎርፍ መንገድ ያድጋል። የቀይ ቀበሮ መኖሪያ የሆነውና እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን በመሰለ ጥብቅ ቦታ ውስጥ ደግሞ ያለ ፈቃድ ከመንገድ መውጣት አይገባም።

ስለ ሄልሜት የሚነገረው አጭርና ግልጽ ነው። በርካታ ጥናቶችን በአንድነት የመረመረ የሕክምና ግምገማ እንዳሳየው፣ ሄልሜት በሞተር አደጋ ጊዜ የሞት አደጋን በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን ደግሞ በ69 በመቶ ይቀንሳል፤ ይህ የሚሆነው ግን ሄልሜቱ በልክ ሲሆንና ማሰሪያው ከአገጭ ሥር ሲቆለፍ እንጂ በክንድ ላይ ሲንጠለጠል አይደለም። ከኋላ የሚቀመጠውም ሰው ጭንቅላት አለው። ስለዚህ ቅዳሜ ማለዳ ከመናኸሪያ ለመነሳት የተቀጣጠሩ ጓደኞች ከመንቀሳቀሳቸው በፊት ፍሬን ይሞክሩ፣ ጎማ ይጫኑ፣ ውሃ ይቁጠሩ፣ ወዴት እንደሚሄዱና መቼ እንደሚመለሱ ለቤተሰብ ይንገሩ፤ ከመካከላቸው አንድ ሰው እንኳ ሄልሜት ከሌለው ጉዞውን ያቆዩት። ታቦርም ሐይቁም በሚቀጥለው ቅዳሜ እዚያው ናቸው።